የ2014 የሮሃስ ወረቀት ለዛሬ የካት 6ኤ ሥራ ይበቃል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የአንድ ትልቅ ቢሮ የኔትወርክ ኬብሊንግ ሥራ ይዘናል። ካት 6ኤ ኬብል (የመዳብ ኔትወርክ ኬብል ደረጃ ነው)፣ ኪስቶን ጃክ (ኬብሉ የሚያልቅበት መሰኪያ)፣ ፓች ፓነል (መሰኪያዎቹ የሚደረደሩበት ሰሌዳ)፣ ፓች ኮርድ (አጭር ተነቃይ ገመድ)። የደንበኛው ዋና መሥሪያ ቤት አውሮፓ ስለሆነ የሮሃስና የሪች (በዕቃ ውስጥ ያሉ አደገኛ ኬሚካሎችን የሚመለከቱ የአውሮፓ ሕጎች) ማስረጃ ካላመጣችሁ ሥራውን አልረከብም ብሏል። አቅራቢያችን የሰጠን የ2014 የሮሃስ ሰርተፍኬት ነው፣ አንድ ገጽ። ቴክኒካል ሳፖርታቸውን ስጠይቅ ሁሉም ዕቃችን የአካባቢ ሕጎችን ያሟላል፣ ኬብሉም ኤልኤስዜድኤች (ሲቃጠል ጭሱ ትንሽ የሆነ) ነው ብለው መለሱልኝ። ይሄ አይበቃም? ከጣሪያ የምናወርደውን አሮጌ ኬብልስ ምን እናድርገው?»

አይበቃም ወንድሜ።

ወረቀቱ ሐሰት ነው እያልኩህ አይደለም። በ2014 ሲጻፍ እውነት ሊሆን ይችላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ግን ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፣ ወረቀቱ ደግሞ እዚያው ቆሟል። በዚያ ላይ የኩባንያው ስም ብቻ ኖሮበት የፓርት ቁጥር (የአምራቹ የዕቃ መለያ ቁጥር) ከሌለው ስለየትኛው ዕቃ እንደሚያወራ ማንም አያውቅም። በዚህ ሥራ ማስረጃ የሚባለው የፓርት ቁጥርና ቀን ያለው ወረቀት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የማስታወቂያ ደብዳቤ ነው።

ሮሃስ ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ነው። ያኔ የገደበው ስድስት ነገር ነበር፦ እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ባለስድስት ቫለንት ክሮሚየም፣ እና ፒቢቢና ፒቢዲኢ የሚባሉ ሁለት የብሮሚን እሳት ተከላካይ ቤተሰቦች። ካድሚየም ከ0.01 በመቶ፣ ሌሎቹ ከ0.1 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። በ2011 መመሪያው እንደ አዲስ ተጻፈ፣ ቁጥሩም 2011/65/ኢዩ ሆነ። አንተን የሚነካህ ቀጥሎ የመጣው ነው። 2015/863 የተባለው ማሻሻያ አራት ፍታሌቶችን ጨመረ፦ ዲኢኤችፒ፣ ቢቢፒ፣ ዲቢፒ እና ዲአይቢፒ። ለእኛ ዓይነት ዕቃ ግዴታ የሆነው ከጁላይ 22 ቀን 2019 ጀምሮ ነው።

ፍታሌት ምንድን ነው ካልክ፣ ፒቪሲን የሚያለሰልስ ኬሚካል ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፣ ያለ ማለስለሻ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ፓች ኮርድ አይሆንም። ስለዚህ የ2014ቱ ወረቀት ምንም የማይናገርበት ጉዳይ ከዕቃዎችህ ሁሉ ፍታሌት ሊኖርበት የሚችለውን ለስላሳውን ኮርድ ነው የሚመለከተው። ደንበኛው ወረቀቱን ቢመልሰው አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ እንግባባ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወጣ «የሮሃስ ሰርተፍኬት» የሚባል ነገር የለም። አምራቹ ራሱ መርምሮ፣ የቴክኒክ ሰነድ አደራጅቶ፣ በራሱ ኃላፊነት ፈርሞ የሚያወጣው የአውሮፓ ኅብረት የተስማሚነት መግለጫ ነው ያለው። የሲኢ ምልክቱንም የሚለጥፈው በዚያ መሠረት ነው። መግለጫውን አምራቹም ወደ ኅብረቱ የሚያስገባው አስመጪም ለ10 ዓመት ማስቀመጥ አለባቸው። የላቦራቶሪ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከመጣልህ እሱ የምርመራ ውጤት ነው፣ የሚናገረውም ለላቦራቶሪው ስለተሰጠው ናሙና ብቻ ነው። ጠቃሚ ነው፣ ግን መግለጫውን አይተካም። አቅራቢህ «ሰርተፍኬት አለን» ብሎ ሲኩራራ ወረቀቱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እይ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ጋ ልግባ። ያ 0.1 በመቶ የሚሰላው ከምኑ ነው? ከጃኩ ጠቅላላ ክብደት አይደለም። «አንድ ወጥ ቁስ» ከሚባለው ነው፣ ማለትም በመፍታት፣ በመቁረጥ ወይም በመፋቅ ከዚያ በላይ ሊለያይ ከማይችለው። አንድ ካት 6ኤ ኬብል ውስጥ የውጭ ሽፋኑ አንድ ቁስ ነው፣ የእያንዳንዱ ሽቦ ፕላስቲክ በየቀለሙ ሌላ ነው፣ መሐሉ ያለው መለያያ ሌላ፣ መዳቡ ሌላ፣ ፎይሉ ሌላ። ጃክ ውስጥ ደግሞ የፒኑ ብረት፣ በላዩ የተለበጠው ወርቅ፣ ከሥሩ ያለው ኒኬል፣ የብየዳው ቆርቆሮ፣ ሁሉም ለየብቻ ይታያሉ። «እርሳሱ እኮ ከጃኩ ክብደት አንጻር ኢምንት ነው» የሚል መልስ ከመጣ፣ የመለሰው ሰው መመሪያውን አላነበበም።

ቀለምም ልብ በል። በፊት ደማቅ ቢጫና ቀይ ፕላስቲክ ለመሥራት የእርሳስና የካድሚየም ቀለሞች በሰፊው ይገቡ ነበር። ለሰማያዊው ኮርድ የወጣ የምርመራ ውጤት ለቢጫው ዋስትና አይሆንም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ያዘዝካቸውን ቀለሞች የሚሸፍን መሆኑን ጠይቅ። የራክ ብሎንና የኬጅ ነት (ፓነሉ በመደርደሪያው ላይ የሚታሰርባቸው) ደግሞ ማንም ትዝ የማይለው ዕቃ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ቀስተ ደመና የሚመስል ለበጣ ያለው ብሎን ካየህ ያ አሮጌው የክሮሜት ለበጣ ሊሆን ይችላል፣ ባለስድስት ቫለንት ክሮሚየም ያለበት። ውድ ጃክና ፓነል ከነሙሉ ሰነዱ ገዝተህ፣ ከየትም በከረጢት በተገዛ ብሎን ፋይልህ ሲወድቅ ያናድዳል።

ወደ ሪች እንምጣ። ይሄ ሌላ ሕግ ነው። ቁጥሩ 1907/2006 ሲሆን የጸናው ጁን 1 ቀን 2007 ነው። ሰው ሮሃስንና ሪችን አንድ ላይ ስለሚጠራቸው አንድ ይመስሉታል፣ የሚጠይቁት ግን ለየቅል ነው። ሮሃስ በመሠረቱ «ይህን አታስገባ» ይላል። አንተን የሚመለከተው የሪች ክፍል፣ አንቀጽ 33፣ የሚለው «ካለ ተናገር» ነው። እጅግ አሳሳቢ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የእጩዎች ዝርዝር አለ። አንድ ዕቃ ውስጥ ከዝርዝሩ አንዱ ከ0.1 በመቶ በላይ ካለ አቅራቢው ለገዢው ማሳወቅ አለበት፣ ቢያንስ የንጥረ ነገሩን ስም። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ያድጋል። ስለዚህ ቀን የሌለው የሪች መግለጫ ዋጋ የለውም። የትኛውን የዝርዝር እትም አይቶ እንደተጻፈ ካልታወቀ ምን እንደካደም አይታወቅም።

በሪች ስሌቱም ይለያል። እዚህ የሚታየው ቁሱ ሳይሆን «ዕቃው» ነው። በሴፕቴምበር 2015 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት አንድ ዕቃ በሌላ ዕቃ ውስጥ ቢገጠምም ለብቻው ዕቃ መሆኑ አይቀርም ብሎ ወስኗል። ብሎኑ ፓነል ላይ ስለታሰረ በፓነሉ ክብደት አይካፈልም ማለት ነው።

ሁለቱ ሕጎች የሚጋጩ የሚመስሉበት ቦታ ስላለ ልብ በል፣ ብዙ ሳፖርት ራሱ እዚህ ላይ ይምታታበታል። ሮሃስ የተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች አሉት። አንዱ 6(ሲ) የሚባለው ነው፦ በመዳብ ቅይጥ ውስጥ እስከ 4 በመቶ እርሳስ ይፈቅዳል። ናስ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ሲኖር በማሽን ለመቅረጽ ይመቻል፣ ለዚህ ነው የኮአክሲያል ኮኔክተር አካልና በማሽን የሚቀረጹ ትናንሽ የናስ ክፍሎች ውስጥ የምታገኘው። እንዲህ ያለው ክፍል በልዩ ፈቃዱ ሮሃስን ያልፋል። ግን እርሳስ በጁን 2018 የሪች እጩ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ያው ክፍል ሮሃስን አሟልቶ፣ በሪች በኩል ደግሞ «እርሳስ አለበት» ተብሎ መነገር አለበት። «ሮሃስ ስላለፈ ሪች ላይ የምናሳውቀው የለም» ካሉህ እዚህ ጋ ያዛቸው። በተቃራኒው ደግሞ የሪች ወረቀት ላይ እርሳስ ተጽፎ ስታይ አትደንግጥ፣ ያስታወቀህ አምራች ሥራውን ሠርቷል። እኔ በበኩሌ ስለ ሃምሳ የተለያየ ዕቃ «ምንም የለም፣ ምንም የለም» የሚል ወረቀት ነው የበለጠ የምጠራጠረው።

ልዩ ፈቃድ ደግሞ የዘላለም አይደለም። የጊዜ ገደብ አለው፣ ይታደሳል፣ ይጠባል፣ ይሰረዛል። ስለዚህ መግለጫው ላይ የፈቃዱ ቁጥር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ለገበያ በቀረበበት ጊዜ ፈቃዱ ገና በሥራ ላይ መሆኑንም አጣራ።

ኤልኤስዜድኤችስ? እሱ ጭራሽ ሌላ ጥያቄ የሚመልስ ነው። ኬብሉ ሲቃጠል ጭሱ ትንሽ ነው፣ ክሎሪንና መሰሎቹ የሉበትም ማለት ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል፣ ይህ ሰውንም ያንቃል፣ ሰርቨርንም ይበላል። አይኢሲ 60754 የተባለው ዓለም አቀፍ የሙከራ ደረጃ የአሲድ ጋዙን፣ አይኢሲ 61034 የጭሱን መጠን ይለካሉ። ሁለቱም ኬብሉ ውስጥ እርሳስ አለ ወይ ብለው አይጠይቁም። ሮሃስም ፒቪሲን አይከለክልም፣ በትክክል የተሠራ የፒቪሲ ኬብል ሮሃስን ያለ ችግር ያሟላል። ስለዚህ ሳፖርቱ «ኤልኤስዜድኤች ነው» ሲልህ ስለ ሮሃስ ጠይቀኸው ስለ ጭስ መልሶልሃል። በነገራችን ላይ ኤልኤስዜድኤች የሚለው ጽሑፍ ብቻውን እሳቱ በኬብል ጥቅል ላይ ምን ያህል እንደሚሮጥም አይነግርህም።

የእሳቱን ነገር የሚነግርህ የአውሮፓው የግንባታ ምርቶች ደንብ ነው፣ 305/2011፣ ሲፒአር የሚሉት። ለኬብል ኢኤን 50575 በሚባለው ደረጃ በኩል ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ግዴታ ነው። ክፍሎቹ ከኤሲኤ እስከ ኤፍሲኤ ይወርዳሉ። ቢ2ሲኤ ወይም ሲሲኤ የተባለ ኬብል በሦስተኛ ወገን የፋብሪካ ቁጥጥርና ናሙና ምርመራ ያለፈ ነው። ዲሲኤና ኢሲኤ ላይ ግን ላቦራቶሪው ናሙናውን ይፈትናል፣ ፋብሪካውን የሚከታተለው አምራቹ ራሱ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ለቋሚው ኬብል የአፈጻጸም መግለጫ የሚባለውን ሰነድ ከነቁጥሩ ጠይቅ፣ ቁጥሩንም ከሳጥኑ መለያ ጋር አመሳክር። ጃክና ፓች ኮርድ ላይ ግን አትጠይቅ፣ ይህ ደንብ በሕንፃው ውስጥ በቋሚነት ለሚቀር ኬብል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። የሮሃስ ወረቀት ኬብሉ ጥሩ ኬብል ነው አይልም። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም፣ ሲሲኤ እየተባለ የሚሸጠው (ከላይኛው የእሳት ክፍል ጋር ስሙ ስለሚመሳሰል አትደባልቀው)፣ ሮሃስን ሊያሟላ ይችላል። አሉሚኒየም አልተከለከለማ! ግን የካት 6ኤ ኬብል መሆን አይችልም፣ የኬብሊንግ ደረጃዎቹ የሚጠይቁት መዳብ ነው። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ከመዳብ ስለሚበልጥ በፒኦኢ (በኔትወርክ ኬብሉ ኤሌክትሪክ መላክ) ሲጫን ይግላል፣ አዲሱ ፒኦኢ ደግሞ ከስዊቹ እስከ 90 ዋት ይልካል። የሽቦውን ጫፍ በቢላ ፋቅ አድርገው፣ ከሥሩ ብርማ ከወጣ ሳጥኑን መልስ። ቴስተርህ ላይም የዲሲ መቋቋምንና በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካውን አማራጭ አብራ፣ ብዙ ሰው ዘግቶት ነው የሚሠራው።

ወደ ቴክኒካል ሳፖርቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከጥያቄህ ትልቁ ክፍል እሱ ነው። መጀመሪያ ስልኩን የሚያነሳው ልጅ የሚያውቀው ዋየርማፕ (ሽቦዎቹ በትክክል መገናኘታቸው)፣ የጃክ አገጣጠምና የቴስት ውጤት ነው። ኬሚስትሪ አልተማረም፣ አይፈረድበትም። «ዕቃችሁ አካባቢን ይጠብቃል ወይ» ብለህ ስትጠይቀው ብሮሹሩን ያነብልሃል። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ምርት ተገዢነት ክፍል ይተላለፍልኝ በል፣ ብዙ አምራች እንዲህ ያለ ክፍል አለው። በስልክ አትጨርስ፣ ጻፍ። ይሄን ብትልክ በቂ ነው፦

«ሰላም፣ በተያያዘው ዝርዝር ውስጥ ላሉት ፓርት ቁጥሮች የሚከተሉትን እፈልጋለሁ። በ2011/65/ኢዩ እና በማሻሻያው 2015/863 መሠረት የተዘጋጀ የተስማሚነት መግለጫ፣ የተጠቀማችሁበት ልዩ ፈቃድ ካለ ከነቁጥሩ። የሪች አንቀጽ 33 መግለጫ፣ የተመሠረተበት የእጩ ዝርዝር ቀን ተጠቅሶ፣ ከ0.1 በመቶ በላይ የሆነ ንጥረ ነገር ካለ ስሙና ያለበት ክፍል። ለቋሚው ኬብል የአፈጻጸም መግለጫው። የኬብሉ ሽፋን ላይ የታተመው ጽሑፍና የሳጥኑ ሎት (የምርት ዙር) ቁጥር ፎቶ ተያይዟል።»

ፎቶውን አትርሳ። ተመሳስሎ የተሠራ ኬብል ሞልቷል፣ አምራቹ በሎት ቁጥሩ የራሱ መሆን አለመሆኑን ሊለይልህ ይችላል። ደግሞም የአንድ አምራች ወረቀት የሌላውን ዕቃ አይሸፍንም። ኬብሉን ከአንዱ፣ ጃኩን ከሌላው ገዝተህ ከሆነ ሁለት ቦታ ትጽፋለህ።

መልሱ ሲመጣ ፓርት ቁጥሩን ከመግዣ ትእዛዝህ ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ቀለም ወይም የሽፋን ዓይነት ልትሆን ትችላለች። የፈረመው ሰው ስምና ኃላፊነት፣ ቀኑ፣ አሥሩ ንጥረ ነገሮች መጠቀሳቸው፣ እነዚህ በቂ ናቸው። ስድስት ብቻ ከተጠቀሱ ወረቀቱ አሮጌ ነው። አንዳንድ አምራች «ፓች ፓነል ኤሌክትሮኒክስ የሌለበት ዕቃ ነው፣ ሮሃስ አይመለከተውም» ይልሃል። ክርክሩ አንዳንዴ ውኃ ያነሳል። ደንበኛህ ግን የጠየቀህ በውል ነው፣ ስለዚህ «እሺ፣ አይመለከታችሁ፣ ንጥረ ነገሮቹ ከገደብ በታች መሆናቸውን ግን ጻፉልኝ» በላቸው።

ፓች ኮርዱ ላይ የካሊፎርኒያ ፕሮፖዚሽን 65 ማስጠንቀቂያ ብታይ ሮሃስ ወድቋል ማለት አይደለም። ያ ሕግ የሚያስገድደው ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ነው፣ ዝርዝሩም የራሱ ነው። ለምሳሌ ዲአይኤንፒ የሚባለው ማለስለሻ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ከሮሃስ አራቱ ፍታሌቶች ውስጥ ግን የለም። ቁጥር ያለበት ብርቱካናማ የክብ ምልክት ካየህም የቻይናው ሕግ ነው፣ የተገደቡት ንጥረ ነገሮች ወደ ውጭ ሳይወጡ የሚቆዩበትን ዓመት ነው የሚናገረው። የኬብሉ ዕድሜ አይደለም።

«ኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ ንጥረ ነገር የሚለይ) መሣሪያ ተከራይተን ራሳችን ብንለካስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣልሃል። ለእርሳስ፣ ለካድሚየም፣ ለሜርኩሪ ጥሩ ማጣሪያ ነው። ክሮሚየምን በጅምላ እንጂ የቱ ዓይነት እንደሆነ አይለይም፣ ብሮሚን መኖሩን እንጂ የትኛው ውህድ እንደሆነ አይነግርህም። ፍታሌትን ጭራሽ አያይም። ፍታሌት የሚለካው በላቦራቶሪ ነው፣ አይኢሲ 62321-8 በሚባለው ዘዴ። የምትጠራጠረው ኮርድ ካለህ ከየቀለሙ አንድ አንድ ናሙና ላክ። አምራቹ አልመልስ ካለ ግን ለላቦራቶሪ ከመክፈል ዕቃውን መቀየር ይቀላል፣ መልስ የማይሰጥ አምራች ነገም አይሰጥህም።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ኬብሉ ገና ካልተሳበ አትሳበው፣ ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ። ከተሳበ ደግሞ ለደንበኛው ዛሬውኑ በጽሑፍ ንገረው፦ ለእነዚህ ፓርት ቁጥሮች የታደሰ መግለጫ ጠይቀናል፣ እስከዚህ ቀን ካልመጣ ፓች ኮርዱን እንቀይራለን። ኮርድ ከፊት ለፊት የሚነቀል ዕቃ ነው፣ መቀየሩ አያምም። ጣሪያ ውስጥ ያለውን 90 ሜትር ማውረድ ግን ያማል፣ ስለዚህ ጉልበትህን መጀመሪያ ቋሚው ኬብል ወረቀት ላይ አውለው። ለሚቀጥለው ሥራ ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ መግዣ ትእዛዙ ላይ አስገባው፣ ወረቀቱ ካልመጣ ክፍያ የለም ብለህ። ከክፍያ በፊት የሚጠየቅ ሰነድ ቶሎ ይመጣል።

አሮጌው ኬብል። ከሮሃስ በፊት የተሠራ የፒቪሲ ኬብል ሽፋን ውስጥ የእርሳስ ማረጋጊያ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ስትቆርጥና ስትስብ ጓንት አድርግ፣ ከምግብ በፊት እጅህን ታጠብ፣ ጣሪያው አቧራ ከሆነ ጭንብልም አይከፋም። ማቃጠል በፍጹም! መዳቡን ቶሎ ለማውጣት የሚያቃጥሉ አሉ፣ ፒቪሲ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ዳይኦክሲን ይወጣዋል፣ እሱ ደግሞ አፈር ውስጥ ገብቶ ዓመታት ይቆያል። ሽፋኑን በማሽን ገፍፎ መዳቡን ለሚለይ ሪሳይክል ድርጅት ስጥ። መዳብ ጥራቱን ሳያጣ ተመልሶ ይቀልጣል፣ ዋጋም ያወጣል፣ ስለዚህ ተቀባይ አታጣም። የመዳቡን ኬብል፣ ፋይበሩንና ጃክና ፓነሉን ለየብቻ ክምር፣ ተደባልቆ ከሄደ ዋጋው ይወርዳል። ስታስረክብ በኪሎ የተጻፈ ደረሰኝ ተቀበልና ከሌሎቹ መግለጫዎች ጋር ለደንበኛው አያይዝለት። የማይነቀል አሮጌ ኬብል ግድግዳ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ መለያ ለጥፈህ ንድፉ ላይ አስፍረው።